«እኛም ጥቁር ነን» ለሚል ደጋፊ ምን እንመልስ?

በዲኤስቲቪ ቤት ስለሚወረወር የቀለም ስድብ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ተሳዳቢው ላይ ያርፋል። ስድቡ ግን ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። ቤቱን የሚያበላሸው ወይም የሚያቀናው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። አንዱ «ወንድሜ፣ ይሄ ልክ አይደለም» ሲል የተቀረው ምን ይላል? ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ጨዋታ ለምታሳዩ፣ ደጋፊ ለምታስተባብሩ፣ ወይም ከፍላችሁ ገብታችሁ አግዳሚው ላይ ለምትቀመጡ ሰዎች እንዲጠቅም፣ ደጋፊ በማስተባበር ሥራ ላይ የሠራውንና ያልሠራውን መንገድ እዚህ እናስቀምጣለን።

ስድቡ ሦስት መልክ አለው፤ ሦስቱም በአንድ ዓይነት አያያዝ አይታረሙም።

የመጀመሪያው ግልጹ ነው። ጥቁር አጥቂ ያለቀ ኳስ ሲስት «ይሄ ባሪያ!» ወይም «ጦጣ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ይነሣል። ነጭ አጥቂ ያንኑ ኳስ ሲስት «ደደብ» ይባላል፣ «ዓይንህ ይጥፋ» ይባላል፤ ቀለሙን የሚያነሣ የለም። ይህን ልዩነት የማያምን ሰው ካለ አብራችሁት አትከራከሩ። አንድ ሙሉ ጨዋታ ላይ አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍላችሁ፣ በአንዱ ወገን ነጩ ሲሳሳት የተባለውን፣ በሌላው ጥቁሩ ሲሳሳት የተባለውን ጻፉና ለሱ ስጡት። ከዘጠና ደቂቃ በኋላ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል።

ሁለተኛው በአድናቆት የተሸፈነው ነው፤ እሱ ነው የሚያስቸግረው። «ፈረስ እኮ ነው»፣ «ጉልበት እንጂ ጭንቅላት የለውም»፣ «ዱላ ቢያርፍበት አይሰማውም» ሲባል ተናጋሪው ያመሰገነ ይመስለዋል። አማካዩ ነጭ ከሆነ «ያነባል፣ ያስባል» ይባላል፤ ጥቁር ከሆነ ያንኑ ኳስ ቢያቀብል «ሳንባው!» ይባላል። ይህ የኛ ቤት ፈጠራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ራንሪፒት የተባለ ድርጅት ከእንግሊዝ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ማኅበር ጋር ሆኖ ከአራት ትልልቅ የአውሮፓ ሊጎች የ80 ጨዋታዎችን የእንግሊዝኛ ኮሜንታሪ መርምሮ ነበር። ስለ ጉልበት ሲወራ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ተጫዋቾች ከስድስት እጥፍ በላይ ይጠቀሳሉ። የማሰብ ችሎታ ሲመሰገን ደግሞ አብዛኛው ምስጋና ፈካ ያለ ቆዳ ላላቸው ይሄዳል። ስለዚህ ደጋፊው የሚደግመው ከድምፅ ማጉያው የሰማውን ነው ማለት ይቻላል፤ እሱን ስታርሙት ይህን አስታውሱ፤ ቁጣችሁ ይለዝባል።

የዚህ ዓይነቱ ነገር ጥሩ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2017 ሮሜሉ ሉካኩ ማንቸስተር ዩናይትድ በገባበት ወቅት የሆነው ነው። ደጋፊው ለራሱ አጥቂ ዘፈን አወጣ፤ ዘፈኑ ግን ስለ ጎሉ ሳይሆን ስለ ገላው ነበር፣ ስለ ጥቁር ወንድ ገላ ለዘመናት ሲወራ የኖረውን ተረት የሚደግም። በእግር ኳስ ዘረኝነትን የሚታገለው ኪክ ኢት አውት ይቁም አለ፤ ክለቡም ይቁም አለ፤ ሉካኩ ራሱ ለድጋፉ አመስግኖ ነገሩን ትተን ወደፊት እንሂድ አለ። ከዚያ በኋላ በሳውዝሃምፕተን ጨዋታ ላይ የተሰማው ምን ነበር? «እኛ ማንቸስተር ዩናይትድ ነን፣ የፈለግነውን እንዘፍናለን» የሚል ሌላ ዘፈን። የመጀመሪያው ዘፈን አለማወቅ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን ከተነገራቸው በኋላ የተዘፈነ ነው፤ አለማወቅ ሊባል አይችልም። አንድን ደጋፊ መመዘን ያለብን በሁለተኛው ዘፈኑ ነው።

ሦስተኛው በሩቅ ምሥራቅ ተጫዋቾች ላይ የሚደርሰው ነው። ሰን ኮሪያዊ፣ ሚቶማ ጃፓናዊ ነው፤ እኛ ቤት ሁለቱም «ቻይናው» ናቸው፣ ከዚያም ዓይን በጣት መሳብ ይከተላል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን በኢንዱስትሪ ፓርኩ ምክንያት ከእስያ የመጣ ሰው በመንገድ ላይ የሚታይ ነው። ቅዳሜ ማታ በስክሪን ላይ የተለማመድነውን ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ እንደግመዋለን። የቶተንሃሙ ቤንታንኩር በገዛ ሀገሩ ቴሌቪዥን ላይ ሰንና የአክስት ልጆቹ ሁሉም ይመሳሰላሉ የሚል ቀልድ ተናግሮ፣ ይቅርታ ቢጠይቅም፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የሰባት ጨዋታ እገዳና የ100,000 ፓውንድ ቅጣት ተጥሎበታል። ቀልዱ የተነገረው ስለ ገዛ ቡድን ጓደኛው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው፣ ደጋፊው ሲነገረው ወደሚመልሰው። መልሶቹ ብዙ አይደሉም፤ ደግመው ደጋግመው የሚመጡት አምስት ናቸው፣ ለየአንዳንዱ መልስ ይዞ መግባት ይቻላል።

«እኛም ጥቁር ነን፣ ዘረኛ ልንሆን አንችልም።» ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ረጅም መልስ አትስጡ፤ «ታዲያ ነጩን ለምን በቀለሙ አልሰደብከውም?» ብላችሁ ዝም በሉ። ሰውዬው ልባዊ ጥያቄ ያለው ከሆነና በእረፍት ሰዓት ከተቀመጣችሁ ደግሞ ይህን ጨምሩ። በሀገራችን ባርነት በሕግ የታገደው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ አያቱ የተሸጠበት ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። «ባሪያ» የሚለው ስም በስክሪኑ ላይ ያለውን ናይጄሪያዊ አይደርሰውም፤ ጋናዊውም አይሰማውም። የሚሰማው ጎናችሁ የተቀመጠው ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲና የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከጋምቤላም ከቤኒሻንጉልም ልጆች ይመጡባቸዋል፤ እነዚህ ልጆች ኳስ የሚያዩት ከኛው ጋር ነው። በብሔራዊ ቡድኑ ማሊያ ጋቶች ፓኖም ሲያገባ አብሮን የሚጮኸውን ልጅ፣ በሳምንቱ ሌላ ጥቁር ተጫዋች ኳስ ሲስት አንገቱን እናስደፋዋለን። «እኛም ጥቁር ነን» የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱን ጠይም ወይም ቀይ ብሎ የሚጠራ ነው፤ ጥቁር የሚሆነው ሲከሰስ ብቻ ነው።

«ቀልድ ነው፣ ቁልምጫ ነው።» እዚህ ላይ የሁለት ኡራጓውያንን ጉዳይ ማንሣት ይሠራል፤ ኳስ የሚያውቅ ሰው ሁለቱንም ያስታውሳል። ሉዊስ ሱዋሬዝ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 አንፊልድ ላይ ፓትሪስ ኤቭራን በቀለሙ ጠራው፤ መከላከያው እኛ ሀገር ጓደኛም እንዲህ ይጠራል የሚል ነበር። የስምንት ጨዋታ እገዳና የ40,000 ፓውንድ ቅጣት ተጣለበት። ሊቨርፑል ግን ተከላከለ፤ ተጫዋቾቹ የሱዋሬዝ ምስል ያለበት ቲሸርት ለብሰው ሊያሟሙቁ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2019፣ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ ቲሸርቱን ከለበሱት አንዱ የነበረው ጄሚ ካራገር በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ኤቭራን ይቅርታ ጠየቀ። ኤዲንሰን ካቫኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ለጓደኛው ምስጋና ሲጽፍ ያንኑ የመሰለ አጠራር ተጠቀመ። ሲነገረው ጽሑፉን አነሣ፣ ይቅርታ ጠየቀ፤ የሦስት ጨዋታ እገዳውንና የ100,000 ፓውንድ ቅጣቱን ተቀበለ። አንዱ በተቃራኒ ላይ በጠብ መሐል፣ ሌላው ለወዳጁ በፍቅር መናገራቸው ልዩነት አለው። ከዚያ በኋላ የመጣውም እንዲሁ ተለያየ፦ የካቫኒ ነገር በጥቂት ሳምንት አለቀ፣ የሱዋሬዙ እስከ ዛሬ የሊቨርፑልን ደጋፊ ያከራክራል። ክለቡን ስምንት ዓመት ሙሉ ያስከፈለው ቲሸርቱ ነው።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ተቃራኒን ለማናደድ ነው።» ይህን መልስ እስከ ጫፍ ወስደው ያሳዩን የኢንተር ሚላን ደጋፊዎች ናቸው። ሉካኩ ወደ ጣሊያን ሄዶ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2019 ካልያሪ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ የጦጣ ድምፅ ተሰማበት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደግፈኛል ብሎ የሚጠብቀው የራሱ ክለብ የደጋፊ ቡድን፣ ኩርቫ ኖርድ፣ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈለት። ደብዳቤው ይህ ዘረኝነት አይደለም፣ በጣሊያን ተቃራኒን ለማስደንገጥ የሚደረግ ነገር ነው፣ አንተ አልገባህም የሚል ነበር። የተሰደበው ሰው እንዴት መሰማት እንዳለበት ያልተሰደቡት አስተማሩት ማለት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው የኛ ተረት እዚህ ላይ ይገጥማል። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ «አንተ ደግሞ ምን ሆንክ፣ ነገር አታክብድ» የሚለው ሰው የዚያን ደብዳቤ አጭር ቅጂ እያነበበ ነው።

«ራሱ ነገረኛ ነው፣ እሱ ያመጣው ነው።» ይህ ስለ ሪያል ማድሪዱ ቪኒሲየስ ጁኒየር የሚነገረው ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 21 ቀን 2023 በቫሌንሲያው ሜስታያ ሜዳ የደረሰበትን ያየ ሰው ጨዋታው እንዴት እንደ ቆመ ያውቃል። ከዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2024፣ ሦስት ደጋፊዎች የስምንት ወር እስራት ተፈረደባቸው፤ በስፔን በእግር ኳስ ሜዳ ለተፈጸመ የዘረኝነት ስድብ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ፍርድ ቤቱ ልጁ ይጨፍር አይጨፍር፣ ዳኛ ይከራከር አይከራከር አልመዘነም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሞይዝ ኪን ካልያሪ ላይ ሲሰደብ የቡድን ጓደኛው ቦኑቺ ጥፋቱ ሃምሳ ሃምሳ ነው ብሎ ነበር፤ ቁጣ ሲበዛበት ማስተካከያ ሰጠ። ባርሴሎናን ለሚደግፍ ሰው የምትሰጡት መልስ አጭር ይሁን፦ «ጥፋት ካለው ዳኛው ካርድ አለው። ቀለሙ ካርድ አያሰጥም።»

«አንተ የማንቼ ስለሆንክ ነው።» የመጨረሻውና ለመመለስ የሚከብደው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ግማሽ እውነት አለበት። የአርሰናል ደጋፊ የቼልሲውን ደጋፊ ስድብ ይሰማል፣ የራሱን ወገን ሲሳደብ ግን ጆሮው ይደፈናል። ለዚህ መልስ የለውም፤ መፍትሔ ግን አለው፦ የአርሰናልን ደጋፊ የሚያርመው የአርሰናል ደጋፊ ይሁን። በየቤቱ ከየክለቡ አንድ አንድ ሰው አስቀድሞ ይመረጥ፣ ሁሉም ያውቀው። በእድሜ ገፋ ያለ፣ ኳስ የሚያውቅ፣ ወጣቶቹ «ጋሼ» ብለው የሚጠሩት ሰው ቢሆን ይመረጣል። አንድ ነገር ከሁሉ በላይ ይሠራል ብንባል ይህን እንመርጣለን።

አያያዙ እንዴት ይሁን? ሰዓት ትልቅ ነገር ነው። ስድቡ በተሰማበት ቅጽበት ቤቱ እየጮኸ ስለሆነ የምትሉት አይሰማም፣ ከተሰማም ጠብ ይሆናል። በዚያ ቅጽበት ከሁለት ቃል በላይ አትናገሩ፦ «ወንድሜ፣ ተው»። ድምፁ ከሱ ድምፅ ዝቅ ያለ ይሁን፣ ግን ጎኑ ያሉት ይስሙት። ይህ ለተሳዳቢው ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የተሰደበ ሰው ካለ ዝም እንዳልተባለ እንዲያውቅ ነው። ቀሪውን ለእረፍት አቆዩት። አሥራ አምስት ደቂቃ አላችሁ፤ ሦስቱ ይበቃሉ።

በእረፍት ሰዓት ከቤት ወጣ አድርጋችሁ፣ ሻይ ይዛችሁም ቢሆን፣ ለብቻው አናግሩት። እንዲህ ዓይነት ንግግር ሲሠራ አይተናል፦

«ቅድም ስለ አጥቂው ያልከውን ሰምቼ ነበር።»

«ምን አልኩ? ተናድጄ ነው።»

«መናደድህ አልከፋኝም፣ እኔም ተናድጃለሁ። ከኋላችን የተቀመጠው ልጅ ግን ሰምቷል። ኳሱን ስደበው፣ ቀለሙን ተው።»

«እሺ፣ አልቋል።»

እዚህ ላይ አቁሙ። «ዘረኛ ነህ» አትበሉ፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ስድቡ መሆኑ ይቀርና ስለ ማንነቱ ይሆናል፣ ሰው ስለ ማንነቱ ሲከራከር ደግሞ አይሸነፍም። ስለ ሠራው ነገር ብቻ ተናገሩ። «እሺ» ካለ በኋላም አትጨምሩ። እሺ የተባለን ነገር ደግሞ የሚያብራራ ሰው የተዘጋውን በር መልሶ ይከፍታል።

ሲበላሽ የሚበላሽባቸው ቦታዎችም ይታወቃሉ። የመጀመሪያው በሰው ፊት ማሳፈር ነው። ጓደኞቹ ፊት የታረመ ልጅ ቢያምን እንኳ አያምንም፤ በሁለተኛው አጋማሽ ሆን ብሎ ይደግመዋል። ሌላው ሦስት አራት ሰው በአንድ ላይ መናገር ነው፤ አንድ ሰው ከተናገረ ሌላው ዝም ይበል። ሦስተኛው ቡድኑ ሲሸነፍ ማረም ነው። ሦስት ለዜሮ እየተመራ ያለን ሰው አታስተምሩ፤ «ተው» ብቻ በሉና ለሳምንት አቆዩት። ደግሞ ጠጥቶ የገባን ሰው በቃል ለማሳመን አትድከሙ፤ ያ የቤቱ ባለቤት ሥራ ነው።

የቤት ባለቤቶች፣ ደንባችሁን ጻፉና ለጥፉ። «ጨዋነት ይጠበቅ» የሚል ማስታወቂያ ጥቅም የለውም፤ ጨዋነት ምን እንደ ሆነ ሁሉም በየራሱ ያውቃል። በግልጽ ይጻፍ፦ «በዚህ ቤት ተጫዋችንም ሆነ ተመልካችን በቀለሙ፣ በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ መስደብ አይቻልም። አንድ ጊዜ ይነገራል፤ ሁለተኛ ገንዘቡ ተመልሶለት ይወጣል።» ገንዘቡ ተመልሶለት የሚለው ወሳኝ ነው። ከፍዬ ነው የገባሁት የሚለውን ክርክር ከሥሩ ይነቅለዋል፤ በሩ ላይ ሊነሣ የሚችለውንም ጠብ ያበርደዋል። ማስታወቂያው ከስክሪኑ ጎን እንጂ ከበሩ ጀርባ አይለጠፍ። ደንቡ በባለቤቱ ወንድምና በደንበኛው ላይ እኩል ካልሠራ ግን ባይለጠፍ ይሻላል፤ አንድ ቀን ለዘመድ የታለፈ ደንብ ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀት ብቻ ነው።

ቴሌግራም ላይ የደጋፊ ቡድን የምታስተዳድሩ ደግሞ ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ። መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሡ፤ ቀጥሎ መልእክቱን ሰርዙ፤ ከዚያ በቡድኑ ውስጥ አንድ መስመር ጻፉ፦ «አንድ መልእክት ቀለም ስለሚሳደብ ተነሥቷል» በሉ፣ ስም ሳትጠሩ፤ በመጨረሻ ለጻፈው ሰው በግል ንገሩት። ስክሪንሾት ሳያነሡ መሰረዝ የተለመደ ስሕተት ነው፤ በማግስቱ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ሲል የምታሳዩት አይኖራችሁም። ረስታችሁ ከሆነ የቡድኑ አስተዳዳሪዎች የሚያዩት የቅርብ ድርጊቶች መዝገብ የተሰረዘውን ለ48 ሰዓት ያቆያል፤ ከዚያ በፊት ግቡና አውጡት። ሳይነግሩ መሰረዝም ሌላ ጣጣ አለው፤ አባላቱ አስተዳዳሪው የተቃራኒ ክለብ ስለሆነ ነው ብለው ያወራሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋን ለአንድ ቀን እንዳይጽፍ ማገድ፣ ለሁለተኛ ለአንድ ሳምንት፣ ከዚያ ማስወጣት በቂ ነው። ከከባድ ሽንፈት በኋላ ደግሞ ቡድኑን በዝግታ አሠራር ላይ አድርጉት፣ አንድ ሰው በደቂቃ አንድ መልእክት ብቻ እንዲጽፍ። ብዙ ስድብ ጨዋታው ባለቀ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሚጻፍ፣ በመልእክቶቹ መሐል የአንድ ደቂቃ ክፍተት መኖሩ ይረዳል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 2021 በዩሮ ፍጻሜ ስትሸነፍ ራሽፎርድ፣ ሳንቾና የ19 ዓመቱ ሳካ ላይ የወረደው የስድብ ዝናብ የጀመረው ፍጹም ቅጣት ምቱ እንደ ተሳተ ነበር።

ሆጤ ሜዳና ኮምቦልቻ ስታዲየም ላይ ጉዳዩ ይለያል፤ እዚያ የሚሰደበው ተጫዋች ይሰማል። የክለቦቻችን ተቃራኒዎች ከተለያየ ክልል ይመጣሉ፤ ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ የብሔር ስድብ ነው የሚፈራው። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ወልዲያ ከመቐለ ጋር ባላት ጨዋታ ሰበብ የተነሣው ግጭት ከሜዳ ወጥቶ ከተማ ውስጥ ምን እንዳደረሰ ወሎ አይረሳውም። ጭፈራ የሚመራው ልጅ እዚህ ትልቅ ሥልጣን አለው። መጥፎ ጭፈራ ከአንድ ጥግ ሲጀመር መጀመሪያ አምስት ስድስት ሰው ብቻ ይለዋል፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ነው ሕዝቡ የሚቀበለው። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር ሳይገባ ከበሮው ሌላ ምት መምታት አለበት። አስጨፋሪው ሁልጊዜ ሁሉም የሚያውቃቸውን ሁለት ሦስት የክለቡ ዘፈኖች ለዚህ ብሎ ይዞ ይቀመጥ። በድምፅ ማጉያ «አቁሙ» ማለት ብዙ ጊዜ አይረዳም፤ ስድቡን ያልሰማውም ምን ተባለ ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያም ይማረዋል። ካልቆመ አስተባባሪው ወደ ጨዋታው ኮሚሽነር ይሂድ፣ ተቃራኒው ቡድን ሳይሄድ በፊት። በራስ ደጋፊ ላይ ማመልከት ክለብን መካድ የሚመስለው አለ፤ ቅጣት ሲመጣ ግን የሚቀጣው ክለቡ ነው።

ተጫዋቾችም ምልክቱን ይወቁት። ፊፋ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ያጸደቀው የእጅ አንጓን በአንጓ ላይ አጣምሮ ከፍ ማድረግ፣ በዘረኝነት እየተሰደብኩ ነው ማለት ነው። ዳኛው ሦስት እርምጃ አለው፦ መጀመሪያ ጨዋታውን ያቆማል፣ ካልተሻለ ቡድኖቹን ወደ መልበሻ ክፍል ያስገባል፣ ከዚያም ካልሆነ ጨዋታውን ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ኬቪን ፕሪንስ ቦአቴንግ በቀለሙ ተሰድቦ ኳሱን ወደ ተመልካቹ መትቶ ከሜዳ ሲወጣ ይህ ምልክት አልነበረም፤ የወጣው በራሱ ነው፣ ቡድኑ ሚላንም ተከትሎት ወጣ።

የተነገረው ሰው እናንተ ራሳችሁ ከሆናችሁስ? ይቅርታ አጭር ነገር ነው። ምን እንዳላችሁ መናገር፣ ልክ እንዳልነበረ መናገር፣ እንደማይደገም መናገር፤ በቃ። «ቅር ያላችሁ ካላችሁ» የሚል ነገር አታስገቡ፤ ጥፋቱን ከተናጋሪው አንሥቶ በሰሚው ላይ ይጭናል። «ግን» ከገባበት ደግሞ ይቅርታው እዚያ ላይ አለቀ። በሰው ፊት የተባለ ነገር ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን፤ በቴሌግራም የተጻፈ እዚያው ይጻፍ። ይቅርታውን በተሰደበው ልጅ ትከሻ ላይ እጅ ጥሎ «እኛ እኮ ወንድማማች ነን፣ አይደል?» ብሎ ማስመስከር የተለመደ ነው፤ ይህን ተዉ። ልጁ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት «አይደለም» ማለት አይችልም።

እሱን በተመለከተም ጥቂት ነገር። የተሰደበውን ሰው በሕዝብ መሐል «ተቀየምክ እንዴ?» ብላችሁ አትጠይቁት። ስለ ዘረኝነት ቤቱን እንዲያስተምር አታቁሙት፤ እሱም ኳስ ሊያይ ነው የመጣው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ አንድ ሰው፣ በተለይ የሚቀርበው ካለ እሱ፣ ለብቻው ምን እንዲደረግ እንደሚፈልግ ይጠይቀው። ተዉት ካለ ተዉት። ነገሩ ማስፈራሪያ ያለበት ወይም በጽሑፍ የተሰራጨ ከሆነና ወደ ሕግ መሄድ ከፈለገ፣ የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ዘርንና ብሔርን መሠረት ያደረገ ጥላቻ ማነሣሣትን ይከለክላል፤ ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። በየስድቡ አዋጅ መምዘዝ አይገባም፣ አንድ ልጅ ተናድዶ ያመለጠውና በቡድን ተደራጅቶ የሚደረገው አንድ አይደሉም። መሄድ ካለበት ግን ብቻውን አትላኩት፦ ስክሪንሾቱን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የሰሙ ሁለት ሰዎችን ስም በወረቀት ይዛችሁ አብራችሁት ሂዱ።